ቆመን የጨረስነው ማራቶን

የያዙኝ በቁምጣ ነው። ከአስኮ ተመልሼ ኮልፌ ልገባ አንድ ፌርማታ ሲቀረኝ፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከቆመች መኪና ወርደው መንገዴን ዘጉት። ሯጭ አይደለህ፣ ለምን አላመለጥክም ትሉኝ ይሆናል። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው የት ያመልጣል! «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ትንሿ ጥያቄ አርባ አንድ ቀን ፈጀች። ምክንያቱ ስልኬ ላይ ለጓደኞቼ ያጋራሁት አንድ ጽሑፍ ነው። እኔ አልጻፍኩትም፤ ግን ከሥሩ «እውነት ነው» የምትል ቃል ጨምሬበታለሁ። አፌ አያርፍም፣ ጣቴም ያው እንደ አፌ ነው።

ጣቢያ ስንደርስ ቀበቶ ስላልነበረኝ የጫማዬን ማሰሪያ ፈቱብኝ። መታሰሬ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጫማዬን እየጎተትኩ አንድ የብረት በር ጋ ደረስኩ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የሰው እግር። ቤቱ ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ጥግ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ ሽታው የእርጥብ ፍራሽና የትናንት ወጥ። አሥራ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ እኔ አሥራ አራተኛ ሆንኩ።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም ቦታ የሚያከፋፍለውና ጠብ የሚገላግለው እስረኛ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ሰውነቱ የወፈረ የልብስ ነጋዴ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«በቁምጣ የታሰረ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ስፖርተኛ ነህ?»

«ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ።»

«በቃ፣ ስምህ ማራቶን ነው» አለኝና ሁለት ስንዝር ቦታ ለካልኝ።

ያቺ ሁለት ስንዝር ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነበረች። ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ጎጃም ተወልደው ኮልፌ ያረጁ አናጺ ናቸው። ሁሉም አባባ ይላቸዋል፣ እኔም አባባ አልኳቸው። የታሰሩት በተከራያቸው ሰበብ ነው። ሰውየው ሲፈለግ ጠፋ፤ «የት ሄደ?» ሲባሉ «አላውቅም» አሉ። እውነትም አያውቁም። «አላውቅም የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ሲባል ነው እውነት የሚሆነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ የምል ሰው ለዚያ ብቻ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ትሮጣለህ ብለውኛል። የኔም ልጅ ትሮጣለች» አሉኝ። የሰፈር ሩጫ መስሎኝ «ጎበዝ» አልኳቸው። ስሟን ሲነግሩኝ ከተጋደምኩበት ተነስቼ ቁጭ አልኩ። አውቃታለሁ! በዚያው በአስኮ መንገድ ጠዋት ጠዋት እያለፈችኝ ትሄዳለች። በእኛ ሯጮች ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው አይወደድም፤ ወጉ ከፊት ያለውን ሰው እግር እያዩ በእሱ እርምጃ መሄድ ነው። አንድ ቀን እኔም ደፍሬ ከኋላዋ ገባሁና እግሯን ተከተልኩ። አንድ ፌርማታ እንኳ አልቆየሁም። ዞር ብላ «አይዞዎት ጋሼ!» ብላኝ ሄደች።

በሚመጣው እሑድ ባሕር ማዶ፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ትልቅ ማራቶን ልትሮጥ ነው። ለእሷ የመጀመሪያዋ ነው። እንዲህ ያለ ውድድር ለመጠራት ስንቱ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ ይለፋል መሰላችሁ።

«መታሰርዎን ታውቃለች?» አልኳቸው።

«የለም። እናቷ ገዳም ሄዷል ብላታለች።»

ይህ ነው የከነከናቸው። ልጅቱ ሩጫ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ፣ ከየውድድሩ በፊት ትደውልላቸዋለች፣ እሳቸውም ይመርቋታል። ረጅም ምርቃት አይደለም። «እግርሽን ድንጋይ አይንካው፣ ደህና ግቢ» ነው የሚሏት፣ አለቀ። አንድም ቀን ሳይመርቋት ቀርተው አያውቁም። አሁን ግን ስልካቸው ፖሊስ እጅ ነው።

እኔ ደግሞ ያን ሳምንት ሥራ አገኘሁ። ስንት ዓመት በሱቄ ውስጥ የፍሪጅ ጋዝ እየሞላሁ፣ ስልኬን የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ላይ ደግፌ፣ የዓለምን ማራቶን ሁሉ የተከታተልኩ ሰው ነኝ። በጥርስ ሳሙና ግድግዳው ላይ አርባ ሁለት መስመር አሰመርኩና ማስተማር ጀመርኩ። አሯሯጭ ፍጥነት እየጠበቀ ከፊት የሚመራው ሯጭ እንደሆነ፣ ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ምን እንደሚመጣ፣ ኮንዲሽን ማለት ሰውነት ለውድድር መድረሱ እንደሆነ። ዓርብ ሲደርስ ካቦው ራሱ «ልጅቷ ኮንዲሽን ላይ ናት» እያለ መተንተን ጀምሮ ነበር። አባባ ዝም ብለው ያዳምጡኛል። እንደ ሐኪም ነበር የሚያዩኝ፤ እኔም ወደድኩት።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተረኛው ሳጅን በሩን ከፈተ። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ በወጣትነቱ ለአንድ ክለብ ሮጦ ጉልበቱን ተጎድቶ ያቆመ ሰው ነው። ስልኩን በበሩ ቀዳዳ አስጠግቶ ውድድሩን ሊያሳየን ቃል ገብቶልን ነበር። ያን ጠዋት ግን በእጁ ስልክም ብጣሽ ወረቀትም ይዞ ነው የመጣው።

«አባባ፣ ባለቤትዎ ትናንት ስንቅ ሲያመጡ ይቺን ሰጥተውኛል። የልጅዎ ቁጥር ነው። ሁለት ደቂቃ በእኔ ስልክ ያናግሯት። ከገዳም ነው የምደውለው ይበል ብለዋል። ቶሎ ብቻ፣ አለቃ ሳይመጣብኝ።»

አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፣ ልጃቸው የምታያቸው ይመስል ሱሪያቸውን አራገፉ፣ ኮሌታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ስልኩ ሊዘረጉ ሲሉ ቆሙ።

«ከገዳም ነኝ ልበላት?» አሉ። «እኔ ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም።»

«ኧረ ማን ዋሹ አለዎት!» አለ ካቦው። «መርቀው ይዝጉት። የት ነህ ብትል መስመሩ ተቆረጠ ነው።»

አባባ እሱን አልሰሙትም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሯጭ ነህ። ምን ይሻላታል?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። እሳቸው ስንት ቀን የታሰሩባትን ያቺን ቃል እኔ አንድ ጊዜ ብላት ኖሮ ይበቃ ነበር። ወይ ነዶ!

«አይደውሉ አባባ» አልኩ። «ሯጭ ትንፋሽ ትለያለች። ድምፅዎ እንደተለወጠ በአንድ ቃል ታውቃለች። በእኛ አገር ሰው ቢሞት እንኳ መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል። እሷም አሁን መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። ትግባ፣ ከዚያ ትስማ።» ይህ አልበቃኝ ብሎ አንድ ታሪክ ጨመርኩ፤ በውድድር ዋዜማ ክፉ ወሬ ሰምቶ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስለወደቀ ሯጭ። ያን ታሪክ ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈጥሬው ይሆናል።

ሳጅኑ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

አባባ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እሱ ይሻላል ካለ ይሻላል» አሉና ቁጭ አሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ የኔም እንደዚያው ሆነ። ካቦው አንገቱን ነቀነቀ።

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ። ያን ቀን ያሰብኩት ለአባባ አልነበረም፣ ለልጅቷም አልነበረም። ለውድድሩ ነው ያሰብኩት። ሳምንቱን ሙሉ ታሸንፋለች ብዬ ተንብዬ፣ ግድግዳ አበላሽቼ፣ አሥራ ሦስት ሰው አሳምኜ ነበር። እንዳይበላሽብኝ ፈለግኩ። አባት ልጁን እንዳያናግር የከለከልኩት ለዚህ ነው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሳጅኑ ዱካ ወንበሩን አምጥቶ በሩ ጋ ተቀመጠና ስልኩን ቀዳዳዋ ላይ ደገፈው። ቀዳዳዋ የምትበቃው ለአንድ ሰው ዓይን ነው፤ እኔ አያለሁ፣ ለሌላው እናገራለሁ። መጀመሪያ የሚያሟሙቁበትን ቦታ አሳዩ። ሌሎቹ ቱታቸውን አውልቀው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እሷ ቱታዋን እንደለበሰች መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች።

«አየሃት?» አሉ አባባ ከኋላዬ።

«አየኋት! ደህና ናት።»

«ምን እያደረገች ነው?»

«ስልኳን ይዛ... ዘፈን እየሰማች ነው አባባ። ሯጮች እንደዚያ ናቸው፣ ሐሳብ ለመሰብሰብ ነው።»

አንድ ሰውዬ፣ አሰልጣኟ ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት። አልሰጠችውም። ደግሞ ዘረጋ። በመጨረሻ ስልኩን ከእጇ ወሰደው፣ ተነሳች። ይህን ሁሉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፤ ጆሮዋ ላይ ምንም እንዳልነበረም አይቻለሁ።

ውድድሩ ሲጀመር አባባ ተነስተው ቆሙ። የቀኝ ጉልበታቸው የታመመ ነው፣ ለሽንት እንኳ ሲነሱ ደግፈናቸው ነው።

«ይቀመጡ እንጂ አባባ» አላቸው ካቦው፤ «ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው እኮ።»

«ልጄ ቆማ እኔ አልቀመጥም።»

ካቦው ትንሽ አሰበና ራሱም ተነሳ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አሥራ አራት ሰው ቆመን ስንከታተል ቤቱ ሰፋ። ተጋድመን የማንበቃበት ክፍል ስንቆም ትከሻ ለትከሻ ሳንነካካ ቆምን።

እስከ ሃያ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከመሪዎቹ ጋር ነበረች። ከአሯሯጩ ጀርባ አራተኛ፣ ደግሞ ሦስተኛ። በጮህን ቁጥር ሳጅኑ «ቀስ በሉ፣ ታስበሉኛላችሁ!» ይላል። በየኪሎ ሜትሩ ካቦው ከጥርስ ሳሙናው መስመር አንዱን በጣቱ ይጠርጋል። ሠላሳኛው ጋ ስንደርስ አንገቷ ወደ ጎን ዘመም አለ። ክንዷን ወደ ፊቷ አነሳችና ዓይኗን ጠረገች። ደግማ ጠረገች።

«አሁንስ?» አሉ አባባ።

«ላብ ገብቶባት ነው። አቅም እየቆጠበች ነው።»

አቅም እየቆጠበች አልነበረም። ቀረች። አራቱ ሄዱ፣ ካሜራውም አብሯቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። አሸናፊዋ ገባች፣ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ገቡ፣ ባንዲራ ለበሱ፣ ስርጭቱ አለቀ። ሳጅኑ ስልኩን ከቀዳዳዋ አነሳ። ስንቅ መጥቶ በር ሥር ተደርድሯል፤ የሚነካው ጠፋ።

«ገባች?» አሉ አባባ።

«አላሳዩዋትም። ስርጭቱ አልቋል አባባ።»

«እንግዲያው አልገባችም።»

እንደቆሙ ቀሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቷል። እኛም አልተቀመጥንም። ሳጅኑ ውጤት ሊፈልግ ወጥቶ፣ ኔትወርክ አስቸግሮት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲመለስ ቀዳዳዋ ላይ አፉን አስጠግቶ «አሥራ አንደኛ። ጨርሳለች» አለ።

«ተመስገን። ደህና ገባች» አሉ አባባ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቷ አዙረው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ጠዋት ያልተባለውን ምርቃት ቃል በቃል አሉት፤ «እግርሽን ድንጋይ አይንካው፣ ደህና ግቢ።» አሥራ ሦስታችንም አሜን አልን። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ እኔና ካቦው ይዘን አስቀመጥናቸው። እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«እንኳን አልደወልን» አሉኝ። «ደውለን ቢሆን ከዚህም ትብስ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት አባባ «ዕቃዎን ይዘው ይውጡ» ተባሉ። በቁምጣ እንደነበርኩ አይተው ጋቢያቸውን ትተውልኝ ወጡ። እኔ ደግሞ ሌላ አራት ሳምንት ቆይቼ፣ የጫማዬን ማሰሪያ በፖስታ ተቀብዬ፣ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅኩ።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት አስኮ መንገድ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ቀለል ያለ ኮቴ ነው። ታልፈኛለች ስል አጠገቤ ሆና እርምጃዋን ቀነሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ማራቶን የሚባሉት እርስዎ ነዎት አይደል? አባዬ ስለ እርስዎ ብዙ ነግሮኛል።»

ደስ አለኝ። ትንሽ እየሮጥን አወራን። ከዚያ ውድድር በኋላ እግሯን ታማ እንደነበር፣ አሁን እየተመለሰች እንደሆነ ነገረችኝ። ትልቁ ውድድር ዳግም አልጠራትም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ያን ቀን ሠላሳው ላይ ምን ነካሽ?» አልኳት።

እርምጃዋን ይበልጥ ቀነሰች።

«እማዬ፣ አባትሽ ገዳም ነው፣ እሑድ ጠዋት ግን ይደውልልሻል ብላኝ ነበር» አለች። «ጠበቅኩት። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ስልኬን ይዤ ጠበቅኩት። አልደወለም። ጋሼ፣ ገዳም ሄዷል ተብሎ፣ ይደውላል ተብሎ፣ ስልኩ ካልመጣ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። መርዶ የሚደብቁኝ መሰለኝ። አባቴ ሞቶ ቤቴ እስክገባ የሚጠብቁኝ መሰለኝ። አርባ ሁለቱንም ኪሎ ሜትር ሙት አባት ይዤ ነው የሮጥኩት።»

እግሬ ቆመ። እሷም ቆመች።

«በኋላ ስጠይቀው፣ ስልክ ተሰጥቶኝ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት አለኝ» አለች።

ስሜን አልጠሩም። ዋሽተው የማያውቁት ሰውዬ ለልጃቸው የዋሹት ለእኔ ሲሉ ነው። በዚያ ገመናዬ ተሸፍኖ ሊቀር ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አይደውሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ሊደውሉ ተነስተው ነበር።»

መኪና እስኪያልፍ መንገዱን አየች።

«አውቄዋለሁ። አባዬ መዋሸት አይችልም፣ ዓይኑ ሲሸሸኝ ሌላ ሰው እንዳለ ገብቶኛል። ማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያላወቅኩት።»

ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። የጫማዋን ማሰሪያ ጎንበስ ብላ አጠበቀችና «ሰውነትዎ ይበርዳል ጋሼ፣ ይከተሉኝ» ብላ ተነሳች። እግር እግሯን እያየሁ ተከተልኳት። ፌርማታው ጋ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ያን ዕለት ዞራ አይዞዎት አላለችኝም።

አሁን አልፎ አልፎ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ትወዳደራለች፣ በቴሌቪዥን የማይታይ ውድድር ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲሆን አባባ ያስጠሩኛል፣ ሱቄ ካለበት ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። እሳቸው ስልኩን አንስተው ቁጥሯን ከመምታታቸው በፊት ቀና ብለው ያዩኛል። ምንም አልልም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ፣ እንጨት የሚልጉበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ መርቀው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። ከዚያ ይጠሩኛል። ጉልበታቸው ጨርሶ እምቢ ስላለ እሳቸው ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት። እኔ በር ሥር እቆማለሁ። «ተቀመጥ እንጂ ልጄ» ይሉኛል፤ ገባሁ ብላ እስክትደውል አልቀመጥም።